ከሞት ያተረፍናቸውን ልጆች ከሕይወት አንከልክላቸው

የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደሟ ያለ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ የእርግዝና መከላከያ ልትጠይቅ ጤና ጣቢያ ስትገባ «በዚህ ላይ ደግሞ?» ተብላ የምትመለስበት አገር ውስጥ ነው የምንኖረው። ልጅቷ በዚያች አጭር ጥያቄ ውስጥ ያለውን ፍርድ ወዲያው ትሰማዋለች። በሕይወት መኖርሽ ይበቃሻል፤ መውደድ፣ ማግባት፣ መውለድ የሌላው ሰው ነው ተብላለች። አንገቷን ደፍታ ትወጣለች፤ ዳግመኛም እዚያ አትጠይቅም። ከወራት በኋላ አርግዛ ስትመጣ ደግሞ ያው ሰው «ምነው ሳትነግሪን?» ብሎ ይቆጣታል።

ተቆጥቼ ነው የምጽፈው፤ ቁጣዬንም አልደብቅም። የእህቴን ልጅ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እህቴ የሞተችው ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነፃ መሰጠት ከመጀመሩ በፊት ነው። በጥር 1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነፃ ሲመጣ እናት አልደረሰችበትም፤ ልጅ ደረሰችበት። ሽሮፑን ለክቼ ያጠጣኋት፣ ትኩሳቷን ስጠብቅ ያደርኩት፣ ዕድሜዋ ሲደርስ በደሟ ምን እንዳለ ቁጭ አድርጌ የነገርኳት እኔ ነኝ። ዛሬ ትልቅ ሰው ናት፤ ሠራተኛ ናት፤ እናት ናት። ይህን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት አንብባዋለች። «ጻፊው እቴቴ፤ ስሜን ብቻ ተዪው» ብላኛለች። ስሟን ትቻለሁ። ሌላውን አልተውም።

እንደ እሷ ያሉ ልጆች ጥቂት አይደሉም። በዓለም ላይ ከ10 እስከ 19 ዓመት ዕድሜ ላይ ሆነው ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ልጆች ወደ 1.5 ሚሊዮን ይጠጋሉ፤ አብዛኞቹ የሚኖሩት ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ነው። ከፊሎቹ በእርግዝና፣ በወሊድ ወይም በጡት ከእናታቸው የተላለፈባቸው ናቸው። ሌሎቹ በጉርምስና ዕድሜያቸው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ተይዘዋል፤ ከእነሱም መካከል ተገደው የተደፈሩ አሉ። ከቫይረሱ ጋር የተወለዱት ትምህርት ቤት ሳይገቡ ይሞታሉ ተብሎ ተስፋ የተቆረጠባቸው ልጆች ነበሩ። አልሞቱም። አደጉ፤ ድምፃቸው ጎረነነ፤ የወር አበባቸው መጣ፤ ወደዱ፤ ተወደዱ። የጤና ሥርዓታችን ግን ኪኒናቸውን እየቆጠረ ቆይቶ ወጣት መሆናቸውን ሊያይ አልፈለገም።

ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ወደሚሰጥበት ኤአርቲ ክፍል ገብታችሁ ተመልከቱ። ልጅቷ ትመዘናለች፤ የቀራት ኪኒን ይቆጠራል፤ «ሰዓት አታሳልፊም አይደል?» ትባላለች፤ የቫይረስ መጠኗ ውጤት ከካርዷ ጋር ይያያዛል፤ ቀጠሮ ተጽፎላት ትሸኛለች። ሥራው የተከበረ ነው፤ ብዙ ሺህ ሰው በዚህ ሥራ ከሞት ተርፏል፤ ይህን የሚክድ ውለታ ቢስ ነው። ነገር ግን በዚያ ክፍል ውስጥ «ጓደኛ አለሽ ወይ? ስላንቺ ያውቃል? አሁን ማርገዝ ትፈልጊያለሽ ወይስ አትፈልጊም? አስገድዶሽ የሚያውቅ ሰው አለ?» ብሎ የሚጠይቃት ብዙ ጊዜ የለም። እሱ የሌላ ክፍል ሥራ ነው ይባላል። ሌላው ክፍል ደግሞ ኮሪደሩን አልፎ ነው። እዚያ ሌላ ካርድ፣ ሌላ ወረፋ፣ ሌላ ሰው አለ። ልጅቷ ምስጢሯን ለማታውቀው ሰው ከመጀመሪያው ጀምራ መናገር አለባት፤ በሩ ገርበብ ብሎ፣ የሰፈር ሰው አግዳሚው ላይ ተቀምጦ። ትናገር ይሆን? አትናገርም። እኔም ብሆን አልናገርም።

ያ ኮሪደር ሰው ይጎዳል። እንዴት እንደሚጎዳ በዝርዝር ልናገር።

እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ኢምፕላኖን የተባለውን፣ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን የእርግዝና መከላከያ በየቀበሌው መስጠት ጀመሩ። የገጠር እናቶችን ሕይወት የለወጠ ሥራ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ደግሞ ለብዙው ሰው ይሰጥ የነበረው ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ኤፋቪሬንዝ የተቀላቀለበት ነበር። ኤፋቪሬንዝ ጉበት የመከላከያውን ሆርሞን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግደው ያደርጋል፤ በክንድ የተቀበረው መከላከያም አቅሙ ይደክማል። በዑጋንዳ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ኤፋቪሬንዝ እየወሰዱ ሌቮኖርጀስትሬል ያለበትን የክንድ መከላከያ ያስገቡ 20 ሴቶችን ተከታትሎ ነበር። በደማቸው ውስጥ ያለው የሆርሞን መጠን መድኃኒቱን ከማይወስዱት ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ገደማ ቀንሶ ተገኘ፤ ዓመት ሳይሞላም 3ቱ አረገዙ። የሦስት ወሩ መርፌ በኤፋቪሬንዝ ምክንያት እንዲህ አይደክምም፤ በማህፀን የሚቀመጠው ሉፕም አይነካም። ማለትም መፍትሔው አጠገብ ነበር። የጎደለው አንድ ሰው ሁለቱን ነገር አንድ ላይ መጠየቁ ብቻ ነው።

«በዚህ ላይ ደግሞ?» የተባለችው የእህቴ ልጅ ናት። ስለዚህ በሌላ ጊዜ ማንም የማያውቃት ቦታ ሄደች፤ ስለ ቫይረሱ ትንፍሽ ሳትል መከላከያውን በክንዷ አስቀበረች። ገና ልጅ ሆና ሳለ አስተዋይ ሰው የሚያደርገውን አደረገች። መከላከያውን የሰጠቻት ባለሙያ ኤፋቪሬንዝ እንደምትውጥ አላወቀችም። ኤፋቪሬንዙን የሚሰጣት ክፍል በክንዷ ውስጥ ምን እንዳለ አልጠየቀም። ሁለቱም የየድርሻቸውን ሠርተዋል፤ መዝገባቸው ላይ አንድም ጉድለት አይታይም። ልጅቷ ግን አረገዘች። ያኔ «አልተጠነቀቅሽም» ያላት ሰው ሁሉ በሐሰት ከስሷታል። ተጠንቅቃለች። ያልተጠነቀቀላት እሷን ለሁለት ከፍሎ ሲያክም የኖረው አሠራር ነው።

ወለደች። መድኃኒቷን አንድ ቀን አላጓደለችም፤ ሕፃኑም ተመርምሮ ነፃ ሆነ። ይህ ተአምር አይደለም፤ ሕክምና ነው። እናት ምንም ካልወሰደች ቫይረሱ ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ከ15 እስከ 45 በመቶ ነው፤ መድኃኒቷን በአግባቡ ከወሰደች ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል፤ ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ከቀነሰ ደግሞ ከዚያም በጣም ያንሳል። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ አገራችን ቫይረሱ የተገኘባት ነፍሰ ጡር ሁሉ ወዲያው መድኃኒት እንድትጀምርና ዕድሜ ልኳን እንድትቀጥል ወስናለች። ሕፃኑን እንወደዋለን፤ ቤታችንን ሞልቶታል። የልጁ መወደድ ግን በእናቱ ላይ የተሠራውን በደል አያጠፋውም። ትምህርቷ ተቋርጧል፤ ጓደኞቿ ጥለዋት አልፈዋል፤ መቼ እንደምትወልድ የመወሰን መብቷን ሌሎች በቸልታ ነጥቀዋታል።

«አሁንማ ኤፋቪሬንዝ በዶሉቴግራቪር ተተክቷል፤ ችግሩ አልፏል» የሚሉኝ ባለሙያዎች አሉ። መተካቱ እውነት ነው፤ ዶሉቴግራቪር በክንድ የሚቀበረውን መከላከያ አያደክመውም። ችግሩ ግን አላለፈም፤ ኮሪደሩ እንዳለ ነው። ልጅቷ የሳንባ ነቀርሳ ይዟት ሪፋምፒሲን ስትጀምር መከላከያው ያው ይደክማል፤ የዶሉቴግራቪሩ መጠንም በቀን ሁለት ጊዜ እንዲሆን ይደረጋል። አርግዛ ክትትል ስትጀምር ለደም ማነስ አይረን ይሰጣታል፤ አይረንና ዶሉቴግራቪር በባዶ ሆድ አብረው ከተዋጡ መድኃኒቱ በሚገባ ወደ ደም አይገባም። ወይ ከምግብ ጋር መውሰድ፣ አለዚያም ዶሉቴግራቪሩን ከአይረኑ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ መዋጥ ያስፈልጋል። አሁን በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ነፍሰ ጡር አስቡ። አይረኑን የሚሰጣት ክፍል ሌላ፣ ዶሉቴግራቪሩን የሚሰጣት ሌላ። ሁለቱንም ጠዋት በውኃ ብቻ ትውጣቸዋለች። ጾሟን ያስታወሰ፣ ሰዓቱን አብሯት ያሰላ ማን ነው?

ቀጠሮውንም ተመልከቱ። ቫይረሱ በደንብ የቀነሰላት ሰው የ6 ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ልትወስድ ትችላለች፤ መልካም ነው፤ ከትምህርት ቤት መቅረት ይቀንስላታል። የእርግዝና መከላከያ መርፌው ግን በየ3 ወሩ ነው። ስለዚህ ኤአርቲ ክፍል በቀነሰላት መንገድ ፈንታ የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ሌላ መንገድ ይጨምርላታል። ከአስተማሪ ፈቃድ፣ ከአሳዳጊ የትራንስፖርት ገንዘብ፣ ለሁለቱም የሚነገር ምክንያት ማግኘት አለባት። አንዱ ቀጠሮ ሲጎድል «ወጣቶች ግድ የላቸውም» ይባላል። ግድ ያጣው ማን እንደሆነ ቀጠሮዎቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ።

ከዶሉቴግራቪር ጋር የተያያዘ ሌላም የማልረሳው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 ከቦትስዋና አንድ ስጋት ተሰማ፤ ሲፀንሱ መድኃኒቱን ይወስዱ ከነበሩ 426 ሴቶች የ4ቱ ሕፃናት የነርቭ ቱቦ ጉድለት ይዘው ተገኙ። ሊጠና የሚገባው ስጋት ነበር፤ ተጠናም፤ ብዙ ሺህ ወሊዶች ከተቆጠሩ በኋላ ልዩነቱ ጠፋ። በመካከል ግን በበርካታ አገሮች ሴቶችና ልጃገረዶች «ልታረግዢ ትችያለሽ» ተብለው የተሻለውን መድኃኒት ተከለከሉ፤ ወይም መከላከያ ካልወሰድሽ አይሰጥሽም ተባሉ። በዚያው ዓመት ኪጋሊ ላይ የተሰበሰቡ ቫይረሱ በደማቸው ያለ አፍሪካውያን ሴቶች ተነሥተው አደጋውንም ጥቅሙንም ነግራችሁን ምርጫውን ለእኛ ተዉት አሉ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2019 የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒቱ መውለድ ለሚችሉ ሴቶች ጭምር ተመራጭ እንዲሆን አወጀ። ሴቶቹ ልክ ነበሩ። የአሥራ ስድስት ዓመቷ ልጅም መረጃው በሚገባት ቋንቋ ከተነገራት ልትመርጥ ትችላለች። ከልጅነቷ ጀምሮ በሽታን፣ ሞትንና ምስጢርን የተሸከመች ልጅ ስለ ገዛ ማህፀኗ ማሰብ ይከብዳታል ብሎ የሚከራከረኝ ሰው እንዲህ ያለችን ልጅ አያውቅም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የተደበቀው የምሥራች ነው። መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድና የቫይረሱ መጠን በምርመራ እስከማይታይ የወረደለት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ወደ ጓደኛው አያስተላልፍም። ይህ ማጽናኛ አይደለም፤ የተረጋገጠ ሳይንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ የወጣው ፓርትነር የተባለው ጥናት አንዳቸው ቫይረሱ ያለባቸውን ጥንዶች ተከታትሎ ነበር፤ ያለ ኮንዶም ከተደረጉ ወደ 58 ሺህ የሚጠጉ ግንኙነቶች መካከል በመድኃኒት ላይ ካለው ጓደኛ የተላለፈ አንድም ኢንፌክሽን አልተገኘም። የዓለም ጤና ድርጅትም ይህንኑ በይፋ ይናገራል። ይህን ያህል ትልቅ ዜና ለልጆቻችን ለምን አልተነገራቸውም? ባለሙያዎችንም አሳዳጊዎችንም ጠይቄ ያገኘሁት መልስ አንድ ነው፦ «ካወቁ ይባልጋሉ።»

በዚህ መልስ ላይ ያለኝን ንዴት ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል። ልጁ ራሱን እንደ መርዝ እየቆጠረ እንዲያድግ ፈቅደናል፤ የሚወዳትን ልጅ በመንካቱ ብቻ እገድላታለሁ ብሎ እየተንቀጠቀጠ እንዲኖር ፈቅደናል፤ ምክንያቱም ፍርሃቱ ጨዋ ያደርገዋል ብለን አስበናል። ጨዋ አላደረገውም። ተስፋ አስቆርጦታል። ተስፋ የቆረጠ ልጅ ደግሞ መጀመሪያ የሚጥለው መድኃኒቱን ነው። ኪኒን በሰዓቱ መዋጥ የሚወዱትን ሰው እንደሚጠብቅ የሚያውቅ ልጅ ግን ለመዋጥ ምክንያት አለው፤ «ዋጥ፣ አለዚያ ትሞታለህ» ከሚለው ዛቻ የሚበልጥ ምክንያት። ሙሉው እውነት ይነገረው፤ የቫይረሱ መጠን በምርመራ መረጋገጥ እንዳለበት፣ መድኃኒት ካቋረጠ ጥበቃው እንደሚጠፋ፣ ኪኒኑ እርግዝናን፣ ቂጥኝንና ጨብጥን እንደማይከላከል፣ ለእነዚህ ኮንዶም እንደሚያስፈልግ ይነገረው። እውነቱን በሙሉ የሚሰማ ወጣት ኃላፊነት ይሸከማል።

ወንዶቹ ልጆች ደግሞ ጭራሹን ተረስተዋል። የእርግዝና መከላከያ የሴት ጉዳይ ተደርጎ ስለተያዘ የአሥራ ስምንት ዓመቱን ልጅ ስለ ኮንዶም አጠቃቀም፣ ስለ መውለድ ተስፋው፣ ስለ ፍቅር ጓደኛው የሚያናግረው የለም። እሱም አባት መሆን ይፈልጋል፤ አባት መሆን እንደሚችልም አያውቅም። አባቱን በሕፃንነቱ ያጣ ልጅ ልጅ አልወልድም ብሎ በልቡ ዘግቶ ሲኖር አይቻለሁ፤ ዘግቶ የኖረው ሐሰት ሰምቶ ነው።

ትዳር ላይ ስንደርስ ነገሩ ይብሳል። ብዙ ቤተ እምነቶች ከጋብቻ በፊት የምርመራ ወረቀት ይጠይቃሉ፤ መመርመሩ በራሱ ጥሩ ነው። ወረቀቱ ግን ለመምከሪያ ሳይሆን ለማፍረሻ ሲውል አይተናል። ውጤቱ ከወላጅ ለወላጅ ሲሾልክ፣ ሽማግሌ ሲመለስ፣ ልጅቷ «የቢጤሽን ፈልጊ» ስትባል አይተናል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የማይድን በሽታን በተመለከተ የተፈጠረ ስሕተት ጋብቻን ሊያፈርስ እንደሚችል ደንግጓል። ስለዚህ መደበቅ መፍትሔ አይሆንም፤ ልጆቻችን ለሚያገቡት ሰው እውነቱን መቼና እንዴት እንደሚናገሩ የሚያለማምዳቸው፣ ጓደኛቸውንም ተቀብሎ ሳይንሱን የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋቸዋል። ይህን ሥራ የሚሠራ ክፍል በስንቱ ጤና ጣቢያ አለ?

ለሃይማኖት አባቶቻችን በአክብሮት፣ ግን በግልጽ እናገራለሁ። በአንድ ወቅት ጸበል የገቡ ሰዎች መድኃኒታቸውን እየተዉ ያልቁ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ያ ቃል ስንት ነፍስ እንዳዳነ እግዚአብሔር ያውቃል። ዛሬም እንደዚያ ያለ ቃል እንጠብቃለን፤ በየመድረኩና በየመስጊዱም ጭምር። መድኃኒቱን የሚወስድ ወጣት ማግባት እንደሚችል፣ ጤነኛ ልጅ መውለድ እንደሚችል፣ የምርመራ ወረቀትም ምስጢር እንደሆነ ተናገሩ። እናንተ ስትናገሩ ሰፈር ይሰማል።

የማህፀን በር ካንሰርን ደግሞ ማንም ለእነዚህ ልጆች በስሙ አይጠራላቸውም። ቫይረሱ በደሟ ያለባት ሴት በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከሌላዋ ሴት ስድስት እጥፍ ገደማ ነው። ካንሰሩን የሚያመጣው ኤች ፒ ቪ የተባለ ሌላ ቫይረስ ነው፤ ክትባቱ አገራችን ውስጥ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ተጀምሯል፤ በዋናነት የሚሰጠውም በትምህርት ቤት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለሌሎች ልጃገረዶች አንድ ጊዜ መከተብ ሊበቃ እንደሚችል ሲናገር፣ ኤች አይ ቪ ላለባቸው ግን ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት ጊዜ ይሁን ይላል። እንግዲህ ክትባቱ ትምህርት ቤት መጣ፤ ልጅቷ ከጓደኞቿ ጋር ተሰልፋ አንዴ ተወጋች። በሰልፉ መካከል «እኔ ተጨማሪ ያስፈልገኛል» ትበል? ይህን ሊያሟላላት የሚችለው ምስጢሯን የሚያውቀው ኤአርቲ ክፍል ብቻ ነው። እዚያው ካልተጠየቀችና እዚያው ካልተከተበች፣ ሃያ ዓመት በኪኒን ያቆየናትን ልጅ በክትባት ልንከላከለው በምንችለው ካንሰር እናጣታለን።

«ሕጉ አይፈቅድልንም» የሚል ባለሙያ ካለ ሕጉን ያንብብ። የአገራችን የኤች አይ ቪ ምርመራ መመሪያ 15 ዓመት የሞላው ልጅ በራሱ ፈቃድ መመርመር እንደሚችል፣ ከ13 እስከ 15 ዓመት ያሉትም ያገቡ፣ ያረገዙ፣ ጎዳና ላይ ያሉ ወይም ቤተሰብ የሚመሩ ከሆኑ እንደ አዋቂ ፈቃዳቸውን መስጠት እንደሚችሉ ደንግጓል። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 በአስገድዶ መድፈር ወይም በዘመዳሞች መካከል የተፀነሰ ጽንስ፣ እንዲሁም የእናቲቱን ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ የሚጥል እርግዝና በሕጋዊ መንገድ እንዲቋረጥ ይፈቅዳል፤ ለአካለ መጠን ሳትደርስ አርግዛ በአካልም በአእምሮም ልጅ ለማሳደግ ላልተዘጋጀችውም ይፈቅዳል። የተደፈረችዋን ልጅ ቃል ማስረጃ አድርጎ ይቀበላል። ይህን በር ልትጠቀምበትም ላትጠቀምበትም መብቷ ነው። በሩ መኖሩን የሚደብቃት ሰው ግን ወደ ጓሮ ሐኪም እየገፋት ነው። ልትወልድ የወሰነችውንም «ቫይረስ ይዘሽ ደግሞ ልትወልጂ?» ብሎ የሚያሸማቅቃት ያው ሰው ነው። አንዷን ለምን ወለድሽ፣ ሌላዋን ለምን አልወለድሽም የሚለው አፍ ለልጆቹ ጤና የቆመ አይደለም።

ባህላችን ይህን አይፈቅድም ለሚሉኝም መልስ አለኝ። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት ልጃገረዶች 13 በመቶዎቹ ወልደዋል ወይም የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዘዋል ይላል። ስለ ኤች አይ ቪ የተሟላ ዕውቀት ያላቸው ከ15 እስከ 24 ዓመት ያሉ ሴቶች 24 በመቶ፣ ወንዶቹ 39 በመቶ ብቻ ነበሩ። ልጆቻችን እያደረጉት ነው፤ የጎደላቸው ዕውቀቱ ነው። ደግሞም ይህች አገር ስለዚህ ጉዳይ አፍ አውጥታ የተናገረችበት ዘመን ነበር። «መቅድም» እና «ተስፋ ጎህ» በተባሉት ማኅበራት የተሰባሰቡ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ፊታቸውን ገልጠው ቆመዋል፤ «ማለባበስ ይቅር» የተባለው ዘፈን በየቤቱ ተሰምቷል፤ «የቀን ቅኝት» የተባለው የሬዲዮ ድራማ ቤተሰብን ሰብስቦ ስለ ቫይረሱና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ አነጋግሯል። ባህላችን አልፈረሰም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚሉት የዚሁ ባህል ሽማግሌዎች ናቸው። እነዚህ ልጆች በሽታቸውን ሳይደብቁ በየቀጠሮው ይመጣሉ፤ ዝም የሚላቸው አዋቂው ነው።

ገንዘቡም ይነሣ። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቆም በአገራችን በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩ 5 ሺህ ያህል የጤና ሠራተኞች ውል ተቋረጠ። ኋላ ሕይወት አድን ለሆነ ሥራ የተለየ ፈቃድ ሲሰጥ የቤተሰብ ምጣኔ ከፈቃዱ ውጭ እንደሆነ በግልጽ ተጻፈ። ኪኒኑ ሕይወት አድን ነው፤ የማትፈልገውን እርግዝና መከላከል ግን አይደለም ተባለ። ዋሽንግተን ውስጥ የተጻፈው ይህ ክፍፍል በእኛ ኮሪደር ላይ ድሮም የነበረው ክፍፍል ነው፤ ለዚህ ነው ብዙም ጩኸት ያልሰማነው። የልጆቻችን ማህፀን በየአራት ዓመቱ በሌላ አገር ምርጫ የሚከፈትና የሚዘጋ በር መሆኑ ሊያሳፍረን ይገባል። መከላከያውን፣ ክትባቱን፣ አማካሪውን በራሳችን በጀት እንያዝ። በቅንጦት የማይመደብ ነው፤ ከመድኃኒቱ እኩል የሚቆጠር ነው።

የምጠይቀው የተራቀቀ ነገር አይደለም። ጤና ሚኒስቴር በእያንዳንዱ ኤአርቲ ክፍል ውስጥ የእርግዝና መከላከያ፣ የኤች ፒ ቪ ክትባት፣ የአባላዘር በሽታ ምርመራና የእርግዝና ምክር በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ ካርድ፣ በአንድ ቀጠሮ እንዲሰጥ ግዴታ ያድርግ፤ መርፌ ለምትመርጥ ልጅ የመድኃኒት ቀጠሮዋ ከመርፌው ጋር ይስተካከል። የጤና ኮሌጆች ተማሪዎቻቸውን ልጆችን ሳይፈርዱ ማናገርን ያስተምሩ፤ «በዚህ ላይ ደግሞ?» ያለ ባለሙያም መድኃኒት እንደሳተ ባለሙያ ይጠየቅበት። አሳዳጊዎች፣ እናንተ አያቶች፣ አክስቶች፣ ታላቅ እህቶች፣ ልጆቹን በመድኃኒት ሰዓት ብቻ አትጥሯቸው፤ ስለ ፍቅራቸው ጠይቋቸው፤ ከአፋችሁ ካልሰሙት ከማንም አይሰሙትም።

አንቺ ደግሞ ሲስተር፣ ነገ ጠዋት ወንበርሽ ላይ የምትቀመጪው፣ ይህን ለማድረግ መመሪያም በጀትም እስኪመጣ አትጠብቂ። ልጅቷ ስትገባ በሩን ዝጊ። ኪኒኗን ከቆጠርሽ በኋላ ቀና ብለሽ እያት፤ ማንን እንደምትወድ፣ መውለድ ትፈልግ እንደሆነ፣ መቼ እንደምትፈልግ ጠይቂያት። የምትመልስልሽንም ሳትፈርጂ ስሚ፤ የሚያስፈልጋትን ደግሞ ወደ ሌላ ክፍል ሳትልኪ እዚያው ስጫት። መኖር መብቷ ነው ብለን መድኃኒት የሰጠናት ልጅ መኖር ማለት ምን እንደሆነ የመወሰን መብትም አላት፤ ይህን የምትነፍጊያት ከሆነ ግን ያተረፍሻት ለማን እንደሆነ መልሺልኝ።